ሰብዉፈራችሁን ከመሸጣችሁ በፊት

በውስጥ መስመር ከሚደርሱኝ ጥያቄዎች እንደዚህኛው የሚደጋገም የለም፦ «ሰብዉፈሬ መብራቱ ይበራል፣ ግን ቤዝ የለውም። ተቃጥሎ ይሆን?» ፎቶም አብሮ ይመጣል፤ ቴሌቪዥኑ ሥር የተወሸቀ ጥቁር ሳጥን። አንዳንዱማ መልሴን ሳይጠብቅ ስንት እንደሚሸጥለት ይጠይቀኛል። እኔ ግን «ደከመ» ተብለው ካየኋቸው ሰብዉፈሮች አብዛኞቹ ጤነኞች ናቸው። ወይ ቤዙ መጀመሪያውኑ አልተላከላቸውም፣ ወይ ተልኮላቸው አውጥተውት ክፍሉ ውስጥ ጠፍቷል። ስለዚህ ካቻቢቴ ከማንሳታችሁ በፊት እስቲ አንዴ አንብቡኝ።

መጀመሪያ ሳጥኑን ለብቻው እንፈትነው። የራሱ የመብራት ገመድ ያለው ዓይነት ከሆነ አምፕሊፋየሩ ውስጡ ነው፤ ሙከራውም ቀላል ነው። ጀርባው ላይ ያለውን የድምፅ ማዞሪያ ዝቅ አድርጉ። ከዚያ ስፒከሮቹ ሁሉ ወደሚሰኩበት ዋና ማሽን የሚሄደውን ጃክ ከማሽኑ በኩል ብቻ ንቀሉና መሃል ላይ ያለችውን ሹል በጣታችሁ ንኩ። «ሁምምም» የሚል ወፍራም ድምፅ ከወጣ አምፕሊፋየሩም፣ ስፒከሩም፣ ገመዱም በሕይወት አሉ ማለት ነው። የምትሰሙት ቤታችሁ ግድግዳ ውስጥ የሚመላለሰውን 50 ኸርዝ መብራት ነው፤ ሰውነታችሁ እንደ አንቴና ይቀበለዋል። ዝም ካለ ገመዱን ቀይራችሁ ድገሙት። ቤት ሲጸዳ ሳጥኑ ተገፍቶ ጃኩ የሚጎብጥበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

ከዲቪዲ ሆም ቴአትር ጋር በአንድ ካርቶን የሚመጣው፣ የራሱ የመብራት ገመድ የሌለው ሰብዉፈር ላይ ግን ይህ አይሠራም። እሱን ለመፈተን ማሽኑን ከሶኬት ነቅላችሁ፣ የሰብዉፈሩን ሁለት ሽቦዎች ከማሽኑ አውጡና ጫፎቻቸውን ባለ 1.5 ቮልት ባትሪ ድንጋይ ላይ ለቅጽበት ንኩ። «ጧ» ብሎ የስፒከሩ ወረቀት ከተንቀሳቀሰ ውስጡ ያለው ኮይል አልተቃጠለም።

ሳጥኑ ደህና ከሆነ ሪሞቱን አንሱ። የማሽኑ ሴቲንግ ውስጥ የስፒከር መጠን «ላርጅ» እና «ስሞል» ተብሎ ይመረጣል። ብዙ ሰው የፊት ስፒከሮቹ ቁመታቸው ወገቡ ጋ ስለሚደርስ በኩራት «ላርጅ» ላይ ያደርጋቸዋል። ያኔ ቤዙ በሙሉ እነሱ ጋ ይቀራል። ሰብዉፈሩ የሚያገኘው 5.1 ከሚባለው የፊልም ድምፅ ውስጥ ያቺን ነጥብ አንዷን ብቻ ነው፤ ማለትም ፊልም ሠሪዎቹ ለፍንዳታና ለነጎድጓድ ለይተው የቀዱትን፣ እስከ 120 ኸርዝ የሚሄደውን ቻናል። ከዲሽ የሚመጣ ድራማ፣ ከዩቲዩብ የሚመጣ ሙዚቃ አብዛኛውን ጊዜ ባለ ሁለት ቻናል ስቴሪዮ ስለሆነ ያ ቻናል የለውም። ሰብዉፈሩ ቀኑን ሙሉ ሥራ ፈቶ ተቀምጧል፣ እናንተ ደግሞ «ደከመ» ትሉታላችሁ። «ስሞል» አድርጓቸውና መለያያውን (ክሮስኦቨሩን) 80 ኸርዝ ላይ አስቀምጡት። ከዚያ በታች ያለው ሁሉ ወደ ሳጥኑ ይሄዳል። ሰብዉፈሩ ጀርባ ላይም የራሱ የኸርዝ ማዞሪያ ካለ እስከ መጨረሻው ክፈቱት፤ ማሽኑ አንዴ የለየውን እሱ ደግሞ ሲቆርጠው ነው ድምፁ የሚሳሳው።

ፊልሙ 5.1 ሆኖም ቤዝ ከሌለ ቴሌቪዥኑን ጠርጥሩ። የድምፅ መውጫው «ፒሲኤም» ላይ ከሆነ ብዙ ጊዜ ሁለት ቻናል ብቻ ያስተላልፋል፤ «ቢትስትሪም» ወይም «አውቶ» አድርጉት። ሰብዉፈሩ ላይ ያለው «አውቶ» ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። ድምፅ ሲቀንስ ራሱን ያስተኛል፤ ማታ ዝቅ አድርጋችሁ ስታዳምጡ የሚደርሰው ምልክት ሊቀሰቅሰው አይችልም። «ኦን» ላይ ተዉት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ ክፍሉ። ኮንዶሚኒየም የሚኖሩ አንድ ጎረቤቴ ጠርተውኝ ነበር። «ወጥ ቤት ስገባ ይመታል፣ እዚህ ስቀመጥ ይጠፋል፤ ይሄ ዕቃ ሰው ይመርጣል እንዴ?» አሉኝ። ሪሞት እንኳ አልነካሁም። «ጋሼ፣ እስቲ ይነሱና ግድግዳው ጋ ይቁሙልኝ» አልኳቸው። ሄደው ጀርባቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉ። «እንዴ!» አሉ።

ሳሎናቸው ርዝመቱ 4.30 ሜትር ነው። ሶፋው መሃል ላይ ነበር፣ ከኋላው የምግብ ጠረጴዛ ስላለ። ድምፅ በሴኮንድ 343 ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ ለ40 ኸርዝ ስታካፍሉት የአንዱ ሞገድ ርዝመት 8.6 ሜትር ይመጣል፣ የክፍሉ እጥፍ። ሞገዱ ከፊት ግድግዳ ሄዶ ከኋላው ተመልሶ ሲገናኝ ግድግዳዎቹ ጋ ይደራረባል፣ መሃል ላይ ግን ይጠፋፋል። ቤዝ ጊታር ላይ የመጨረሻዋ ወፍራም ክር 41 ኸርዝ አካባቢ ናት፤ ሶፋው የተቀመጠው በትክክል እሷ የምትጠፋበት ቦታ ላይ ነበር። ድምፅ መጨመርም መፍትሔ አይደለም። የሚላከውም ተመልሶ የሚያጠፋውም አብረው ያድጋሉ፣ ጎረቤት ብቻ ይረበሻል። ሶፋውን አንድ ሜትር ያህል ወደ ኋላ ገፋነው፣ ቤዙ መጣ። ስለ ምግብ ጠረጴዛው ከባለቤታቸው ጋር የተደረገው ድርድር ግን ከቴክኒኩ በላይ ጊዜ ወስዷል።

ብሎኬትና ኮንክሪት ቤዝን እንደ ኳስ ስለሚመልሱ ይህ ችግር ኮንዶሚኒየም ውስጥ ይብሳል። የጭቃ ግድግዳና የችፑድ ኮርኒስ አብረው ስለሚንቀጠቀጡ ከፊሉን ይውጡታል፣ ከፊሉን ወደ ውጭ ያስወጡታል። እዚያ ቤዙ ከቦታ ቦታ ያን ያህል አይለያይም፤ ግን በጠቅላላው ይሳሳል።

ሶፋው የማይነሳ ከሆነ ሳጥኑን አንሱት። ትንሽ ያስቃል፣ ግን እንደሱ የሚሠራ ዘዴ አላውቅም። ሰብዉፈሩን እናንተ የምትቀመጡበት ሶፋ ላይ አውጡት፣ ቤዙ የማይቋረጥ ዘፈን ክፈቱ፣ ከዚያ ተንበርክካችሁ ግድግዳ ግድግዳውን እየዳሃችሁ አዳምጡ። ጆሯችሁ ከወለሉ ብዙ አይራቅ። አንዱ ቦታ ላይ ይጠፋል፣ ሁለት እርምጃ አለፍ ስትሉ ይወፍራል። ሁሉም የቤዝ ኖታዎች እኩል የሚሰሙበትን ቦታ ፈልጉና ሳጥኑን እዚያ አኑሩት። ከሶፋው ወደዚያ ቦታ የደረሰ ድምፅ ከዚያ ወደ ሶፋውም እንደዚያው ይደርሳል። ጥግ አብዛኛውን ጊዜ ከፍተኛውን ጉልበት ይሰጣል፣ ግን አንዳንድ ኖታ ላይ ያጉረመርማል፤ ምርጫው የእናንተ ነው። ስትጨርሱ ጀርባው ላይ ያለውን 0 እና 180 የሚል ማብሪያ አንድ ሰው እየቀያየረላችሁ ሶፋው ላይ ሆናችሁ ስሙ። ከፊት ስፒከሮቹ ጋር የሚጣላው ላይ ከሆነ 80 ኸርዝ አካባቢ ያለው ድምፅ ይሳሳል። የወፈረው ላይ ተዉት።

ማታ ማታ ብቻ ደከመ የምትሉ ደግሞ ጆሯችሁን ነው የምትከሱት። በ1933 ፍሌቸርና ማንሰን የተባሉ የቤል ላብስ ተመራማሪዎች እንዳሳዩት፣ ድምፅ ሲቀንስ የሰው ጆሮ ቤዝን ከሌላው ድምፅ ቀድሞ ይጥላል። ልጆቹ ተኝተው ዝቅ ስታደርጉት የሰብዉፈሩን መጠን ብቻ ትንሽ ከፍ ማድረግ ነው። «ናይት ሞድ» የሚባለው ካለም አጥፉት፤ ፍንዳታውን የሚጨቁነው እሱ ነው።

አዲስ ለመግዛት ካሰባችሁ ስለ ዋትም አንድ ነገር ልበል። ካርቶን ላይ «ፒኤምፒኦ 5000 ዋት» የሚል ስታዩ አትደንግጡ፣ አትግዙበትም። የማሽኑ ጀርባ ላይ ከመብራት የሚስበው ተጽፏል፤ 60 ዋት ስቦ 5000 የሚሰጥ ማሽን የለም። ባለ 100 ዋቱን ሸጣችሁ ባለ 200 ብትገዙ ደግሞ የምታገኙት 3 ዴሲቤል ነው። ለጆሮ እጥፍ ሆኖ እንዲሰማ የሚያስፈልገው ዋት ግን ከዚያም በብዙ ይልቃል። ሳጥኑን በነፃ ወደ ጥግ መግፋት ብዙ ጊዜ ከዚያ አዲስ ግዢ ይበልጣል።

ይህ ሁሉ ተሞክሮ ካልሆነ አዎ፣ ብልሽት ነው። የፊት ጨርቁን አንሱና የወረቀቱን ዙሪያ ጠርዝ በጣት ነካ አድርጉት። ስፖንጅ ከሆነ ከዓመታት በኋላ እንደ ደረቅ ኬክ ይፈረፈራል፤ ጠርዙ ብቻ ይቀየራል፣ ስፒከሩ አይጣልም። ወረቀቱን በሁለት እጅ ቀስ አድርጋችሁ ወደ ውስጥ ግፉት፤ «ክርክር» ካለ ኮይሉ ማግኔቱን እየነካ ነው። ቴስተር ያላችሁ፣ ሽቦውን ነቅላችሁ ባለ 4 ኦም ስፒከር ስትለኩ ከ3 እስከ 3.5 አካባቢ ማንበብ አለበት፤ ምንም ካላነበበ ኮይሉ ተበጥሷል። አምፕሊፋየሩን ግን ለባለሙያ ተዉት። መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር የሚመታው ካፓሲተሮቹን ነው። ብዙዎቹ ውስጥ ያለው ፓወር ሰፕላይ ደግሞ 220ውን ወደ 310 ቮልት ገደማ ለውጦ ያጠራቅማል፤ ከሶኬት ተነቅሎም ለጊዜው ይዞ ይቆያል።

አሁንም ያልተፈታ ካለ ጻፉልኝ፤ «ደከመ» ብቻ ግን አትበሉኝ። የክፍሉን ርዝመትና ስፋት በሜትር፣ ሶፋው ከኋላው ግድግዳ የሚርቀውን፣ ገመዶቹ እንደተሰኩ የማሽኑንና የሰብዉፈሩን ጀርባ ፎቶ ላኩ። ድምፁን ቀድታችሁ አትላኩልኝ፤ የስልክ ማይክ 40 ኸርዝን እንደሚገባ አይዝም።