የዝናብ መጥረጊያ ሞተር ከመግዛት አስቀድሞ ሊደረግ ስለሚገባው ምርመራ

ክረምት ሲገባ የመስተዋት መጥረጊያው አልሠራ ያለው ባለ አውቶሞቢል አስቀድሞ የሚያስበው አዲስ ሞተር ስለ መግዛት ነው። ሞተሩ ከውጭ አገር የሚመጣ ዕቃ ስለ ሆነ ዋጋው ቀላል አይደለም፤ ዳሩ ግን ጥፋቱ ብዙ ጊዜ ከሌላ ሥፍራ ይገኛል። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ አሮጌውን ሞተር አስወልቆ አዲስ ካስገባ በኋላ፣ አዲሱም አልዞር ቢለው፣ የነገሩ ምክንያት አንድ የዛገ ብሎን ሆኖ ተገኝቷል። የሞተሩ ዋጋ ግን አልተመለሰም።

በመጀመሪያ መስተዋቱን በውሃ አርሶ፣ ቁልፉን ከፍቶ፣ መጥረጊያውን በማስነሣት ማድመጥ ነው። ሞተሩ ድምፅ እያሰማ መጥረጊያዎቹ ካልተንቀሳቀሱ፣ አብዛኛውን ጊዜ ክንዱን የሚያጠብቀው ዳዶ ላልቷል፤ ወይም ማገናኛው ዘንግ ተላቋል። ድምፅ ከሌለ ፊውዙ ይታያል። ተቃጥሎ ቢገኝ በዚያው አምፔር ይተካል። በትልቅ ፊውዝ ወይም በሽቦ ቁራጭ መተካት አውቶሞቢሉን ለእሳት መዳረግ ነው።

ፊውዙ ደኅና ከሆነ የሞተሩን ሶኬት ነቅሎ በመሞከሪያ አምፑል መመርመር ይገባል። የአምፑሉ አንድ ጫፍ ከባትሪው ኔጌቲቭ፣ ሌላው ከሶኬቱ ጋር ይያያዛል። መጥረጊያው ተከፍቶ በየትኛውም ቀዳዳ ካልበራ፣ የሚጠረጠሩት ማብሪያው፣ ሪሌውና ሽቦው ናቸው። ቢበራ ግን ሶኬቱ ይመለስና ከሞተሩ የማሳ መስመር እስከ ባትሪው ኔጌቲቭ አንድ ሽቦ ይዘረጋል። ያን ጊዜ ሞተሩ ከዞረ፣ የማሳውን ብሎን ፈትቶ ዝገቱን መፋቅ ይበቃል፤ የአቅራቢው ጥፋትም ይኸው ነበር።

የመጨረሻው ፈተና ሞተሩን በቀጥታ ከባትሪ ማገናኘት ነው። ለዚህም ሶኬቱ እንደ ተነቀለ ሆኖ፣ የአውቶሞቢሉ መመሪያ መጽሐፍ በሚያመለክተው የሞተሩ ጫፍ ላይ ፊውዝ ያለበት ሽቦ ከፖዘቲቩ ይያያዛል። ኤሌክትሪኩን ወደ አውቶሞቢሉ ሽቦ መስደድ ፈጽሞ አይገባም። ጣትም ከዘንጎቹ መካከል አይግባ፤ ሞተሩ ትንሽ ቢመስልም ጣት የመስበር ኃይል አለው። የከባድ መኪናዎች አብዛኛውን ጊዜ 24 ቮልት ስለ ሆነ በ12 ቮልት ባትሪ አይፈተንም። በራሱ ውስጥ የኤሌክትሮኒክ መቆጣጠሪያ ያለበት የዘመኑ ሞተርም በዚህ መንገድ አይሞከርም፤ ለባለሙያ ይተዋል።

(በቀድሞ ዘመን ከሞተሩ በሚሳብ አየር የሚሠራ መጥረጊያ ነበር። ዳገት ላይ መኪናው ሲጨነቅ መጥረጊያውም አብሮ ይዝል ስለ ነበር፣ ስለ ዛሬው ብዙ ማጉረምረም አይገባንም።)

በቀጥታ ተገናኝቶ የማይዞር ሞተር በርግጥ ታሟል። ያም ቢሆን ያለቁት ካርቦኖቹ ብቻ እንደ ሆኑ በጥቂት ዋጋ የሚለወጡበት ጊዜ አለ። የግድ መግዛት ከሆነም፣ ገዢው ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ዕቃው እዚያው መደብሩ ውስጥ በባትሪ እንዲዞርለት ይጠይቅ።