ማሽኑ የት ላይ ቆመ?

አፕል እ.ኤ.አ. በ2006 ኮምፒውተሮቹን ወደ ኢንቴል ፕሮሰሰር ሲያዛውር የማክ ሆድ ዕቃ ከተራ ፒሲ ብዙም የማይለይ ሆነ። ታዲያ ዕቃውን ከየሱቁ ለቅሞ ኮምፒውተር የሚገጣጥም ሰው “ማክኦኤስን በራሴ ማሽን ላይ ብጭነውስ?” ማለቱ አልቀረም። እንዲህ ያለው ማሽን ሃኪንቶሽ ይባላል። የአፕል የፈቃድ ውል ሲስተሙ ከአፕል ኮምፒውተሮች ውጭ እንዲጫን አይፈቅድም፤ ስለዚህ አልነሳ ብሎ ሲያስቸግር አቤት የሚሉበት የለም።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ሲደርስ ተመሳሳይ ማዘርቦርድ ያለው ሰው ያዘጋጀውን የማስነሻ ፎልደር እንዳለ ይገለብጣል፤ ካልሠራለት ሌላ ይገለብጣል። እኔ አልመክርም። የሠራ ዕለት እንኳ ለምን እንደሠራ ስለማይታወቅ፣ በሚቀጥለው አፕዴት ሲወድቅ ሁሉም ከዜሮ ይጀመራል። ከመነካካት በፊት የት ላይ እንደቆመ ማወቅ ይቀድማል።

የኮምፒውተር አነሳስ የዱላ ቅብብል ነው። ባዮስ ይጀምርና ኦፕንኮር ለተባለው የማስነሻ ፕሮግራም ያቀብላል፤ ኦፕንኮር ማሽኑን ማክ አስመስሎ ለማክኦኤስ ከርነል ያስረክባል፤ ከርነሉ ደግሞ ዲስኩንና ግራፊክስ ካርዱን ይቀሰቅሳል። ዱላው ከማን እጅ እንደወደቀ አብዛኛውን ጊዜ ስክሪኑ ይናገራል።

የማዘርቦርዱ አርማ እንኳ ካልመጣ ተራው ገና ማክኦኤስ ጋ አልደረሰም። በብዙ አዳዲስ ማዘርቦርዶች ላይ ለሲፒዩ፣ ለራም፣ ለግራፊክስና ለቡት የተመደቡ አራት ትናንሽ መብራቶች አሉ፤ በርቶ የቀረው ተጠርጣሪው ነው። አርማው መጥቶ የኦፕንኮር ምርጫ ካልወጣ ደግሞ ኢኤፍአይ የተባለው ፎልደር በፋት32 በተዘጋጀ ክፍል ላይ መቀመጡን፣ ባዮስ ውስጥም ሴኪዩር ቡት መዘጋቱን ይመልከቱ። ይህ ቀላሉ ነው።

አስቸጋሪው የተገመጠችው ፖም ከታየች በኋላ ያለው ነው። ታምራለች፤ ግን ስህተቱን ትሸፍናለች። ኮንፊግ በተባለው ፋይል፣ የቡት ትዕዛዞች በሚጻፉበት መስመር ላይ፣ ሰረዝ አስቀድመው ቪ ፊደልን ይጨምሩ፤ ፖሟ ትጠፋና ከርነሉ የሚያደርገውን ሁሉ በጽሑፍ ያዘንባል። ሲቆም የመጨረሻዎቹን መስመሮች በስልክዎ ፎቶ ያንሱ።

“ኤግዚትቢኤስ” የሚል መስመር ላይ ከደረቀ ርክክቡ ራሱ አልተሳካም፤ ባዮስ ውስጥ አቦቭ ፎር ጂ ዲኮዲንግንና ሲኤፍጂ ሎክን፣ ኮንፊጉ ውስጥም ከእነሱ ጋር የሚሄዱትን መስመሮች ይፈትሹ። “ዌይቲንግ ፎር ሩት ዲቫይስ” ካለ ግን ከርነሉ ተነስቶ ዲስኩን አጥቷል ማለት ነው። ከፍላሽ የሚነሱ ከሆነ ሰበቡ ብዙ ጊዜ ዩኤስቢ ነው። ማክኦኤስ ከአንድ የዩኤስቢ መቆጣጠሪያ ከ15 ፖርት በላይ አይቀበልም፤ አንድ የዩኤስቢ 3 ቀዳዳ ደግሞ እንደ ሁለት ፖርት ይቆጠራል። እንግዲህ 8 ቀዳዳ ብቻ 16 ሆኖ ልኩን አለፈ ማለት ነው፤ ፍላሹም ከተቆረጡት መካከል ሊሆን ይችላል። ዩኤስቢ 2 ቀዳዳ ላይ ሰክተው ይሞክሩት። ከሳታ ዲስክ ከሆነ ባዮሱ ኤኤችሲአይ ላይ መሆን አለበት። በአንድ ሙከራ አንድ ነገር ብቻ ይቀይሩ፤ ሦስቱን ባንዴ ቀይሮ የተነሳ ማሽን የትኛው እንዳዳነው አይናገርም።

ጽሑፉ ሁሉ አልፎ ስክሪኑ ከጠቆረ ግራፊክስ ካርዱን ይጠርጥሩ። እንደ ጂቲኤክስ 1060 ላሉ የኤንቪዲያ ካርዶች ከሃይ ሲየራ በኋላ ላሉት እትሞች ድራይቨር አልወጣም፤ ሴቲንግ ቢያገላብጡ ትርፉ ድካም ነው፣ ካርዱ ይቀየራል። የኤኤምዲ አርኤክስ 5700 ግን ኤጂዲፒሞድ በምትባል አንዲት የቡት ትዕዛዝ ሊመለስ ይችላል።

ሲነሳልዎት የሠራውን ኢኤፍአይ ፎልደር ሌላ ፍላሽ ላይ ገልብጠው ያስቀምጡ፤ አፕዴት የሚነካው ከዚያ በኋላ ነው። አፕል እ.ኤ.አ. በ2025 እንዳስታወቀው ኢንቴልን የሚደግፈው የመጨረሻ እትም ማክኦኤስ 26 ታሆ ነው። ቀጣዩን እትም በኢንቴል ማሽን ላይ ለማስነሳት እየታገሉ ከሆነ ጥፋቱን ኮንፊግ ውስጥ አይፈልጉት።