ባንክ ሲቀየር ወርሃዊው ክፍያ ምን ይሆናል?

በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ ሰፈሮች በኮሪደር ልማት ሲነሱ፣ ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌሎች ሰፈሮች የሄደው ነዋሪ ከጎረቤቱ ጋር የለመደውን የባንክ ቅርንጫፍም ተለየ። “ከቤቴ አጠገብ ባለው ባንክ ሒሳብ ልክፈት” ያለ ሰው ብዙ ነው። ወዲያው የሚከተለው ጥያቄ በየወሩ የሚገባውና የሚወጣው ገንዘብ ምን ይሆናል የሚል ነው።

ሰፈር ስለቀየሩ ብቻ ባንክ መቀየር አያስፈልግዎትም። ቅርንጫፎች በኔትወርክ ከተያያዙ ወዲህ ፒያሳ የተከፈተ ሒሳብ ገላንም ይሠራል። አልፈልግም፣ ባንኩ ራሱ አልተመቸኝም ካሉ ግን መብትዎ ነው፤ ከ2017 ዓ.ም. ወዲህ አዲስ አበባ ውስጥ አዲስ ሒሳብ ለመክፈት የፋይዳ መታወቂያ እንደሚጠየቁ ይወቁ።

እንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ በሚሠራበት አሠራር፣ ደንበኛው ለአዲሱ ባንክ ከነገረ በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ ደመወዙም ክፍያዎቹም ተዛውረው አሮጌው ሒሳብ ይዘጋል። በስሕተት ወደ አሮጌው ቁጥር የተላከ ገንዘብ እንኳ ወደ አዲሱ ይመራል። እኛ ዘንድ ይህን ሥራ የሚሠራው ባለሒሳቡ ነው። ባንኮቹ በጋራ ያቋቋሙት ኢትስዊች ብር ከባንክ ባንክ ያሻግራል፤ አሮጌው ባንክ ዘንድ የሰጡት ቋሚ የክፍያ ትዕዛዝ ግን እዚያው ይቀራል።

ደግነቱ፣ ከክፍያዎቻችን ብዙዎቹ ራሳችን ገፍተን የምንልካቸው ናቸው። የመብራትና የውሃ ሒሳብ የሚያውቀው የደንበኛ ቁጥርዎን ብቻ ነው፤ ድሮ “ለሁሉ” የክፍያ ጣቢያ ተሰልፈው ቢከፍሉት፣ ዛሬ በቴሌብር ቢከፍሉት ለእሱ አንድ ነው። ቴሌብርን ከባንክ ጋር አያይዘው ከሆነ የተያያዘውን ሒሳብ መለወጥ ይበቃል። የእድር መዋጮም እንደዚሁ ነው፤ እድሩ የራሱን ባንክ ስላልቀየረ እርስዎ ከአዲሱ ሒሳብዎ ወደ ቀድሞው የእድር ቁጥር ይልካሉ። ብቻ ቋሚ ትዕዛዝ አስገብተው ከረሱት ወሩ ያልፋል፤ እድር ደግሞ “ባንክ ቀይሬ ነው” የሚል ምክንያት አይሰማም።

ጣጣው ቁጥርዎ በሌላ ሰው መዝገብ ላይ የተጻፈበት ቦታ ነው። ቀዳሚው ደመወዝ ነው፤ የወሩ ዝርዝር ከመዘጋጀቱ በፊት አዲሱን ቁጥር ለመሥሪያ ቤቱ ፋይናንስ ክፍል በጽሑፍ መስጠት ያስፈልጋል። ጡረተኛም ለሚመለከተው የጡረታ መሥሪያ ቤት ማሳወቅ አለበት። በደመወዝዎ ዋስትና ተበድረው ከሆነ ግን መሥሪያ ቤትዎ “ደመወዙን በእናንተ በኩል እከፍላለሁ” የሚል ደብዳቤ ለባንኩ ጽፎ ሊሆን ይችላል፤ ዕዳው ሳያልቅ ወይም ባንኩ ሳይለቅዎ ደመወዙ አይንቀሳቀስም። የኮንዶሚኒየም ብድር ያለበትም ደመወዙን ቢያዛውር የብድሩ ክፍያ የሚቆረጥበትን ሒሳብ በየወሩ መሙላት አለበት። በአዋጅ ቁጥር 97/1990 ባንክ ያልተከፈለ ብድርን መያዣ፣ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ፣ ያለ ፍርድ ቤት በሐራጅ መሸጥ ይችላል።

አከራይ ከሆኑ ደግሞ በኪራይ አዋጁ፣ በቁጥር 1320/2016፣ የመኖሪያ ቤት ኪራይ የሚከፈለው በባንክ ወይም በሌላ ኤሌክትሮኒክ መንገድ ነው። ተከራይዎ የሚልከው ወደሚያውቀው ቁጥር ስለሆነ ለውጡን በጽሑፍ ይንገሩት። ከውጭ አገር የሚልክልዎ ዘመድም አሮጌውን ቁጥር ስልኩ ላይ እንዳስቀመጠ አይርሱ።

ለነጋዴ ከሁሉም የሚከፋው ቼክ ነው። ወደፊት የሚደርስ ቀን ጽፎ ቼክ እየሰጡ ዕቃ ማንሳት በገበያችን የቆየ ልማድ ነው። በሕግ ግን ቼክ እንደቀረበ የሚከፈል ሰነድ ነው። ከተሰጡት ቼኮች አንዱ ሰው እጅ እያለ ሒሳቡ ባዶ ቢሆን ወይም ቢዘጋ ጉዳዩ የንግድ ቅሬታ ሆኖ ላይቀር ይችላል፤ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 693 ሽፋን የሌለው ቼክን የሚመለከተው ሲጻፍ ብቻ ሳይሆን ለክፍያ ሲቀርብም ነው። ስለዚህ የመጨረሻው ቼክ ተመንዝሮ እስኪያልቅ ሒሳቡ ገንዘብ ይዞ ይቆይ።

ሌላው የሚያሳስተው የቀን መቁጠሪያ ነው። የባንኮች ሲስተም የሚቆጥረው በፈረንጅ አቆጣጠር ሲሆን የመንግሥት ደመወዝ የሚከፈለው በእኛ ወር ነው፤ ጳጉሜን ደሞዝ የላትም። ደመወዝዎ በየወሩ በ25 ይገባል እንበል። የሐምሌው ኦገስት 1፣ የነሐሴው ኦገስት 31 ላይ ይውላል፤ የመስከረሙ ግን ኦክቶበር 5። ቋሚ ትዕዛዙን ፈረንጅ ወር በገባ በ2ኛው ቀን ካስያዙት ኦክቶበር 2 ላይ ከባዶ ሒሳብ ሊቆርጥ ይሞክራል። አዲሱን ትዕዛዝ ሲያስገቡ “በማን አቆጣጠር ነው?” ብለው ይጠይቁ፤ ቀኑንም ወደ 10 ገፋ ያድርጉት።

ምን እንደተያያዘ ለማወቅ ከአሮጌው ባንክ የአንድ ዓመት ስቴትመንት ይውሰዱ። የሦስት ወር አይበቃም፤ የመኪና ኢንሹራንስና የቤት ግብር የሚታዩት በዓመት አንዴ ነው። ከዚያ አሮጌውን ሒሳብ ሳይዘጉ፣ ጥቂት ብር ትተውበት፣ ሁለት የደመወዝ ወር ያህል ያቆዩት። ሁሉም ሲጠራ ሄደው ቋሚ ትዕዛዞቹን በጽሑፍ ያስሰርዙ፣ ካርዱንና ያልተጻፈባቸውን የቼክ ቅጠሎች ይመልሱ፣ ሒሳቡ ያለ ዕዳ መዘጋቱን የሚገልጽ ማረጋገጫም ማኅተም አስደርገው ይውሰዱ።