ከጓሮው ቧንቧ እስከ ወንፊቱ በረንዳ

ሜሪላንድ ወይም ቨርጂኒያ ውስጥ ቤት የገዙ ወዳጆች ካሏችሁ በሞቃቱ ወራት የት እንደምታገኟቸው ታውቃላችሁ፤ ከቤቱ ጀርባ፣ ዙሪያውን በወንፊት ሽቦ በተከለለው በረንዳ ላይ። ቡና ሲቆላ የጭስ ማስጠንቀቂያው አይጮህም፣ ነፋሱ ይገባል፣ ቢምቢው ውጭ ይቀራል። ጥግ ላይ ጤና አዳምና በሶብላ ተተክሎ ይታያል። የሚጎድለው ውሃ ነው። ሲኒ ለማለቅለቅ፣ አትክልቱን ለማጠጣት፣ ወለሉን ለማጠብ በየጊዜው ወደ ወጥ ቤት መመላለስ አለ፤ የጓሮው ቧንቧ ግን ከወንፊቱ ማዶ ጥቂት እርምጃ ርቆ ግድግዳው ላይ ተተክሏል።

ታዲያ እሱን ወደ በረንዳው ማስረዘም ይቻላል ወይ? በደንብ ይቻላል፤ ደስ የሚል ሥራም ነው። ገና ስትጀምሩ ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው ግን አንድ ነገር አለ። ውሃውን ማስገባት ቀላሉ ክፍል ነው። ማሰብ የሚጠይቀው መውጫው ነው፤ ብርዱ ሲመጣ ቱቦው ውስጥ የቀረው ውሃ በየት ይወጣል፣ እጣቢው ወዴት ይሄዳል፣ የቆሸሸው ውሃ ወደ መጠጥ ውሃው ተመልሶ እንዳይገባ ምን ይከለክለዋል። ይህን ቀድሞ የመለሰ ሰው በረንዳው ላይ ዓመታት የሚያገለግል ቧንቧ ይኖረዋል።

መጀመሪያ የቧንቧውን አፍ ጥርስ እዩ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ግራ ይጋባል። ባለ 3/4 ኢንች የቧንቧ መገጣጠሚያ ገዝቶ ይመጣል፣ የጓሮው ቧንቧም ባለ 3/4 ነው፣ ግን ትንሽ ከዞረ በኋላ ይነክሳል እንጂ አይገባም። ምክንያቱ አሜሪካ ውስጥ ሁለት ዓይነት ባለ 3/4 ኢንች ጥርስ መኖሩ ነው። የውሃ ጎማ ጥርስ በአንድ ኢንች ርዝመት ውስጥ 11.5 ሲሆን የቤት ውስጥ ቧንቧ ጥርስ ግን 14 ነው። አሠራራቸውም ይለያያል። የቤት ቧንቧ ጥርስ ወደ ጫፉ እየቀጠነ ስለሚሄድ ሲጠብቅ ብረቱ ከብረቱ ጋር ይጣበቃል፣ የሚጠቀለልበት የቴፍሎን ጥብጣብም የቀረውን ክፍተት ይደፍናል። የጎማው ጥርስ ግን ቀጥ ያለ ነው፤ ውሃውን የምትይዘው ውስጥ የተቀመጠችው የላስቲክ ቀለበት ናት። ስለዚህ የጎማው ማያያዣ ቢያንጠባጥብ ቴፍሎን መጠቅለል አይረዳም። ቀለበቷን ቀይሩ፣ ያልቃል። ከአንዱ ጥርስ ወደ ሌላው የሚያሸጋግር የነሐስ ማያያዣ በየሕንጻ መሣሪያ መደብሩ አለ፤ በጉልበት ማጥበቅ ግን ጥርሱን ይበላዋል።

ቀላሉ አሠራር እንዲህ ነው። የጓሮው ቧንቧ አፍ ላይ መዝጊያ ያለው መንታ መክፈያ ይገጠማል። አንዱ ለተለመደው የአትክልት ጎማ ይቀራል፣ ከሌላው ደግሞ አጭር ጎማ በግድግዳው ሥር ሄዶ ወደ በረንዳው ይገባና ውስጥ ምሰሶ ላይ የታሰረ ቧንቧ ጋር ይገናኛል። ወንፊቱን ግን አትቅደዱ። የተቀደደ ወንፊት በጊዜ ብዛት ይተረተራል፣ ቢምቢም ትንሿን ቀዳዳ አታጣትም። ከወንፊቱ በታች ያለውን የእንጨት ወይም የአሉሚኒየም ክፈፍ ብሱ። የጎማው ጫፍ ላይ ያለው ማያያዣ ከጎማው ስለሚወፍር ቀዳዳው የሚለካው በማያያዣው ነው፤ የተረፈውን ክፍተት በስፖንጅ ነገር ዝጉት።

አሁን ወደ ብርዱ እንምጣ፤ እኔን በጣም የሚማርከኝ ክፍል ይህ ነው። ውሃ በረዶ ሲሆን መጠኑ 9 በመቶ ገደማ ይጨምራል። አብዛኞቻችን ቱቦ የሚፈነዳው በረዶው ጎኑን ገፍቶ ሲሰነጥቀው ይመስለናል። ብዙ ጊዜ ግን የሚፈነዳው በረዶው ካለበት ራቅ ብሎ ነው። በረዶው ቱቦው ውስጥ እንደ ጠርሙስ ቡሽ ተወትፎ ይቆማል፤ እያደገ በሄደ ቁጥር ከፊቱ ያለውን ውሃ ወደ ተዘጋው ቧንቧ ይገፋዋል። ውሃ ደግሞ ቢጨምቁት አያንስም። መሄጃ ሲያጣ ግፊቱ እየናረ ይሄድና ደካማውን ቦታ ፈልጎ ይሰነጥቃል። በከባድ ብርድ ሌሊት ቧንቧን በትንሹ ከፍቶ ማንጠባጠብ የሚረዳው ዋነኛ ምክንያትም ይኸው ነው፤ ግፊቱ መተንፈሻ ያገኛል። በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ የተደረገ ጥናት፣ ጣሪያ ሥር ሙቀት መከላከያ ሳይለብስ ያለፈ ቱቦ የውጭው አየር ወደ 20 ዲግሪ ፋራናይት፣ ማለትም ከዜሮ በታች 7 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ሲወርድ አደጋ ውስጥ እንደሚገባ አሳይቷል። በዋሺንግተን ዙሪያ ጃንዋሪ ላይ እንዲህ ያለ ሌሊት ብርቅ አይደለም። ሜዳ ላይ የተዘረጋ ጎማ ደግሞ ከዚያም ቀድሞ ይቀዘቅዛል።

ለዚህ ብርድ ተብሎ የተሠራ የጓሮ ቧንቧ አለ። ከውጭ ሲታይ እንደማንኛውም ቧንቧ ነው፤ ነገር ግን እጀታው ረጅም ዘንግ አለው፣ ውሃውን የሚዘጋው ክፍልም ከግድግዳው ወደ ውስጥ፣ ቤቱ የሚሞቅበት ቦታ ላይ ነው። ስትዘጉት በመዝጊያውና በአፉ መካከል የቀረው ውሃ በራሱ ተንጠባጥቦ ያልቃል፣ የሚቀዘቅዝ ነገር አይኖርም። ድንቅ ብልሃት ነው። የሚሠራው ግን አፉ ክፍት ከሆነ ብቻ ነው። ጫፉ የተዘጋ ጎማ ተገጥሞበት ከከረመ ውሃው መውጫ ስለሚያጣ ዘንጉ ያለበት ቱቦ ውስጥ ይቀራል፣ ይቀዘቅዛል፣ ግድግዳው ውስጥ ይሰነጠቃል። መዝጊያው ከስንጥቁ በስተኋላ ስለሆነ ክረምቱን ሙሉ ምንም አይታይም። ጉዳቱ የሚታወቀው ጸደይ ላይ፣ ውሃው ለመጀመሪያ ጊዜ ሲከፈት ነው፤ ያኔ ቤዝመንቱ ይጥለቀለቃል።

አሁን የእኛን ሥራ አስቡት። ወደ በረንዳው ያስረዘምነው መስመር በተፈጥሮው ጫፉ የተዘጋ፣ ሁልጊዜም የተገጠመ ጎማ ነው! ያ ብልህ ቧንቧ የሚፈራው ይህንኑ ነው። ስለዚህ ብርዱ ሳይገባ መስመሩ ከጓሮው ቧንቧ ይፈታል፣ ጎማው ይራገፋል፣ የበረንዳው ቧንቧ እንደተከፈተ ይተዋል። ሥራው ብዙ ጊዜ አይወስድም። መዘንጋት ነው ችግሩ፤ እናም ሰዓት ወደ ኋላ በሚመለስበት እሑድ ለማድረግ ራሳችሁን ብታስለምዱ ቀኑ ራሱ ያስታውሳችኋል፤ ብርዱ ቀድሞ የሚገባባቸው አካባቢዎች ግን ቀደም ማለት አለባቸው።

ሁለተኛው መውጫ የማይታየው ነው። የጎማው ጫፍ ሳሙና ወይም ማዳበሪያ የተበጠበጠበት ባልዲ ውስጥ ወድቆ ሳለ መንገድ ላይ ዋናው የውሃ መስመር ቢሰበር፣ ወይም እሳት አደጋ መኪና በአቅራቢያው በብዛት ቢቀዳ፣ የመስመሩ ግፊት ይወርዳል። ግፊቱ ሲገለበጥ ባልዲው ውስጥ ያለው ወደ ቤታችሁ ቧንቧዎች፣ አልፎም ወደ ጎረቤት ይሳባል። ይህን ለመከላከል የጓሮ ቧንቧ አፍ ላይ የምትገጠም ትንሽ የነሐስ ዕቃ አለች፤ ግፊቱ ሲገለበጥ ትከፈትና አየር ታስገባለች፣ ስበቱ ይቋረጣል። ብዙ አዳዲስ ቧንቧዎች ላይ አብራ ተሠርታ ትመጣለች። ብዙዎች የማያውቁት ነገር ግን ይህች ዕቃ ያለማቋረጥ ግፊት ተሸክማ እንድትቆይ አለመሠራቷ ነው፤ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ12 ሰዓት በላይ ግፊት ላይ መቆየት የለባትም። እኛ ደግሞ በረንዳው ላይ ሌላ ቧንቧ ስንጨምር ውሃው እዚያ ይዘጋል፣ ከጓሮው ቧንቧ እስከ በረንዳው ያለው ሁሉ ቀንና ሌሊት ግፊት ላይ ይከርማል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ተጠቅማችሁ ስትጨርሱ መጀመሪያ የጓሮውን ቧንቧ ዝጉ፣ ከዚያ የበረንዳውን ከፍታችሁ ግፊቱን ልቀቁት። እንዲህ ካደረጋችሁ ቤት ሰው በሌለበት ጎማው ቢፈነዳ እንኳ ውሃ አይፈስም።

ጀበናውን ከዚህ ቧንቧ ልትሞሉ ያሰባችሁ ካላችሁ ትንሽ ቆዩ። አሜሪካ ከ1986 ጀምሮ በመጠጥ ውሃ መስመር ላይ የሊድ ቱቦና የሊድ ብየዳ መጠቀምን ከልክላለች፤ በ2011 የወጣው ሕግ ደግሞ ከ2014 መጀመሪያ አንስቶ ውሃ የሚነካው የዕቃው ክፍል በአማካይ ከ0.25 በመቶ በላይ ሊድ እንዳይኖረው አዟል። ለአትክልት ማጠጫ ብቻ የሚሸጡ ዕቃዎች ግን ከዚህ ሕግ ውጭ ናቸው። ተራው የውሃ ጎማና የነሐስ ጫፉ ለመጠጥ የተሠሩ አይደሉም፤ ፀሐይ ላይ የዋለ ውሃ ደግሞ ከፕላስቲኩ ብዙ ነገር ይቀስማል። ሲኒ የሚለቀለቅበት፣ ቡና የሚፈላበት ውሃ ከሆነ ለመጠጥ ውሃ ተብሎ የተጻፈበትን ጎማና ማያያዣ ግዙ። በዋጋው ትንሽ ይበልጣል፤ እዚህ ላይ ግን አትቆጥቡ።

ቀጥሎ እጣቢው። ከቧንቧው ሥር ሳፋ ማስቀመጥ ለብዙ ቤት ይበቃል። ንጹሁ ውሃ ለበሶብላው ይሄዳል። ሳሙና ያለውን ግን ወደ መንገዱ ዳር ቦይ አትድፉት፤ ሞንትጎመሪና ፌርፋክስ ካውንቲ ውስጥ ያ ቦይ ወደ ማጣሪያ አይሄድም፣ ሳይጣራ ወደ ወንዞቹ፣ በእነሱም በኩል ወደ ቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ይገባል። ወጥ ቤት ወይም ሽንት ቤት ውስጥ ድፉት። ወለሉም ውሃ የሚያቁር ከሆነ አስቀድሞ ወደ ውጭ ማዘንበል አለበት፤ በአንድ ጫማ ርዝመት ሩብ ኢንች ዝቅታ በቂ ነው። ይህን የምለው ስለ ንጽሕና ብቻ አይደለም። ነብር መሳይ ነጭ መስመር ያላት፣ በቀን የምትነክሰው የኤዥያ ቢምቢ በ1985 ሂውስተን አካባቢ ተራብታ ከተገኘች ወዲህ እዚህም ተስፋፍታለች። ለእንቁላሏ የአበባ ማስቀመጫ ሥር የቀረ ውሃ ይበቃታል፣ ከእንቁላል እስከ መብረር የሚፈጀውም ከ7 እስከ 10 ቀን ነው። በረንዳው ውስጥ ውሃ ካቆረ፣ ሾልካ የገባች አንዲት ቢምቢ ትበቃለች፤ ልጆቿን ወንፊቱ ራሱ ከእናንተ ጋር ውስጥ ይዘጋባቸዋል። በየሳምንቱ ሳፋውንም የአበባ ማስቀመጫውን ሳህንም ገልብጡ።

ቤቱ የራሳችሁ ከሆነና ቤዝመንቱ ከበረንዳው አጠገብ ከሆነ ግን እኔ ቋሚውን መስመር እመርጣለሁ። ከቤት ውስጥ ተነስቶ፣ ሞቃት ቦታ ላይ መዝጊያ ተደርጎለት፣ ግድግዳውን አልፎ በረንዳው ላይ በራሱ ቧንቧ ያልቃል። ፔክስ የሚባለው ተጣጣፊ የፕላስቲክ ቱቦ ለውስጡ መስመር ይመቻል፤ ፀሐይ ግን ያበላሸዋልና ብርሃን በሚነካው ቦታ መዳብ ይሻላል። መስመሩ ሙሉውን ወደ አንድ ዝቅተኛ ጫፍ እንዲያዘነብል አድርጉት፤ ከፍ ዝቅ ከሚል መስመር ውሃው በራሱ አይወጣም። ሥራው ብዙውን ጊዜ የካውንቲ ፈቃድ ይጠይቃል፣ ለባለሙያ መስጠቱም ይመከራል። መሬት መቆፈር ካለበት አስቀድማችሁ 811 ደውሉ፤ የጋዝና የመብራት መስመሩን በነፃ መጥተው ምልክት ያደርጉላችኋል። ፌርፋክስ ካውንቲ የበረንዳ መሠረት 24 ኢንች እንዲወርድ የሚጠይቀው መሬቱ እስከዚያ ሊቀዘቅዝ ስለሚችል ነው፤ የተቀበረ ቱቦም ከዚህ ልክ በታች መውረድ አለበት።

ተከራይ ከሆናችሁ ወይም ገና እየሞከራችሁ ከሆነ በጎማው ጀምሩ። ከመግዛታችሁ በፊት ግን ቤዝመንት ወርዳችሁ ወደ ጓሮው ቧንቧ የሚሄደውን ቱቦ ተከተሉና መዝጊያ እንዳለው እዩ። ከመዝጊያው ጎን ትንሽ የነሐስ ክዳን ካለች ዕድለኞች ናችሁ፤ በብርዱ ዋዜማ መዝጊያውን ዘግታችሁ፣ ውጭ ያለውን ቧንቧ ከፍታችሁ፣ ከዚያ ያቺን ክዳን ስታላሉ አየር ገብቶ በመካከል የቀረው ውሃ ከክዳኗ ሥር ወደያዛችሁት ባልዲ ይወርዳል።