ለገደል አገር የሚሆን ጂፒኤስ

ታች ጋይንት ውስጥ፣ ቁልቁል ወደ በሽሎ ወንዝ በሚያይ አንድ አፋፍ ላይ ቆሜያለሁ። በእጄ የያዝኩት ጂፒኤስ ወደ ወንዙ የሚያወርደው መንገድ የሚጀምርበት ቦታ ሁለት መቶ ሜትር እንደሚቀረኝ ይነግረኛል። ቀስቱ ፊት ለፊት፣ ወደ ደቡብ ያመለክታል። ፊት ለፊቴ ግን አየር ነው፤ ከጫማዬ ጫፍ የተፈናቀለች ጠጠር ስትወርድ ድምፅዋ የሚሰማው ቆይቶ ነው። ፍየሎቻቸውን እየነዱ የመጡ አንድ አዛውንት ወደምመለከተው አቅጣጫ አዩና «ልጄ፣ በዚህ የሚወርደው ዝንጀሮ ብቻ ነው» አሉኝ። «የሰው መውረጃ ያውልህ፣ ከወይራዋ ጀርባ።» ወይራዋ በስተግራዬ፣ መቶ ሜትር ያህል ርቃ ነበረች።

መሣሪያው አልተበላሸም፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። ነጥቡን የቀዳሁት ከቀድሞው የኢትዮጵያ ካርታ ሥራ ድርጅት 1፡50,000 ካርታ ላይ ነበር። እነዚያ ነባር ካርታዎች የተሠሩት አዲንዳን በሚባል የልኬት መነሻ ነው። ስሙ የመጣው በግብፅና በሱዳን ድንበር አካባቢ ከነበረ የቅየሳ ነጥብ ሲሆን፣ ልኬቱ ወደ እኛ አገር የተዘረጋው በ1950ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ለአባይ ተፋሰስ ጥናት ነው። ጂፒኤስ ደግሞ ከፋብሪካ ሲወጣ የሚሠራው ደብሊውጂኤስ 84 በሚባል ሌላ መነሻ ነው። ሁለቱ የምድርን ቅርጽ የሚለኩት በየራሳቸው መንገድ ስለሆነ፣ ያው አንድ ቁጥር ሁለት የተለያየ ቦታ ላይ ያርፋል። በእኛ አካባቢ የአዲንዳንን የዩቲኤም (ቦታን በሜትር የሚገልጽ የፍርግርግ) ቁጥር ሳያስተካክሉ ቢያስገቡት፣ ከትክክለኛው ቦታ ወደ ደቡብ 200 ሜትር፣ ወደ ምዕራብ ደግሞ 100 ሜትር ገደማ ይስታል። ሜዳ ላይ ቢሆን ዓይን ያርመዋል። በሽሎ አፋፍ ላይ ግን ያ ልዩነት ገደል ነው።

ስለዚህ ሱቅ ውስጥ መሣሪያውን ሲይዙ፣ ስለ ስክሪኑ ውበት ከመጠየቅዎ በፊት ማስተካከያው ውስጥ ይግቡና የካርታ ዳተም (የልኬት መነሻ) የሚለውን ዝርዝር ይክፈቱ። አዲንዳን አለ? ካለ ጥሩ ነው። ከአሮጌ ካርታ ሲቀዱ ወደ አዲንዳን፣ ከስልክ ወይም ከአዲስ ካርታ ሲቀዱ ወደ ደብሊውጂኤስ 84 ይቀይሩታል። በዚያው የቦታ አጻጻፉን ዩቲኤም ያድርጉት። የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ወረዳዎች ሙሉ በሙሉ በዞን 37 ሰሜን ውስጥ ናቸው። የምሥራቁ ቁጥር ስድስት አሃዝ ሆኖ በ3 ወይም በ4 ይጀምራል፤ የሰሜኑ ሰባት አሃዝ ሆኖ በ12 ወይም በ13 ይጀምራል። ሌላ ነገር ካነበቡ ወይ ቁጥሩ ተገልብጧል፣ ወይ ዞኑ ተሳስቷል።

አሁን ወደ መሬቱ። የጉና ተራራ 4,120 ሜትር ገደማ ከፍታ አለው። የርብና የጉማራ ወንዞች ከእሱ ተነሥተው ወደ ጣና ይወርዳሉ። ከጉና በስተምሥራቅ ነፋስ መውጫ 3,100 ሜትር አካባቢ ላይ፣ ስሟ እንደሚለው በነፋስ መንገድ ላይ ተቀምጣለች። ከዚያ ወደ ደቡብና ወደ ምሥራቅ ያለው አገር ደረጃ በደረጃ እየተቆረሰ በበሽሎና በአባይ ያበቃል። የስማዳ ሰው ጠዋት ደጋ ላይ ገብስ ሲያጭድ ቆይቶ፣ ከሰዓት በኋላ ቆላ ወርዶ ማሽላ መሐል ሊገኝ ይችላል።

ይህን መሬት ለመረዳት የዐፄ ቴዎድሮስን የመጨረሻ ጉዞ ማስታወስ ይጠቅማል። ንጉሡ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ጭነው ከደብረ ታቦር የተነሡት በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ነው፤ በጋይንት በጨጨሆ በኩል አልፈው መቅደላ የደረሱት በመጋቢት ነው። በቀጥታ መስመር ቢለካ መንገዱ 150 ኪሎ ሜትር አካባቢ ቢሆን ነው። ጊዜውን የበላው ርዝመቱ አልነበረም። መድፉን ወደየሸለቆው ለማውረድና ከየሸለቆው ለማውጣት ዐለት እየፈለጡ መንገድ መሥራት ነበረባቸው።

የእጅ ጂፒኤስ ግን ካላዘዙት በቀር የሚነግርዎ ያንኑ የቀጥታ መስመር ነው። አሞራ የሚበርበትን ርቀት ይሰጥዎታል። የገጠሩ ሰው «ስንት ያስኬዳል?» ሲባል በኪሎ ሜትር ሳይሆን በሰዓት የሚመልሰው መሬቱን ስለሚያውቅ ነው። ዊልያም ኔይስሚዝ የሚባል የስኮትላንድ ተራራ ወጪ እ.ኤ.አ. በ1892 ይህንኑ በቁጥር አስቀምጦታል፦ ለየአምስቱ ኪሎ ሜትር አንድ ሰዓት፣ ለየ600 ሜትሩ ዳገት ደግሞ ሌላ አንድ ሰዓት። በዚህ ስሌት ከወንዝ ወደ አፋፍ ሦስት ኪሎ ሜትር የሆነች መንገድ 1,000 ሜትር ዳገት ካላት ከሁለት ሰዓት በላይ ትፈጃለች። ያውም ለጠንካራ እግር፣ ያውም ፀሐይ ሳትበረታ።

ለዚህ ነው ለዚህ አገር መሣሪያ ሲመረጥ ከፍታን የሚያስቀድመው ይመረጥ የምለው። ጂፒኤስ የሚሠራው 20,200 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ ብለው ከሚዞሩ ሳተላይቶች የሚላከው ምልክት የወሰደበትን ጊዜ በመለካት ነው። አራት ሳተላይት ሲይዝ እርስዎ የት እንዳሉ ያውቃል። ሳተላይቶቹ ሁሉ ከራሳችን በላይ እንጂ ከእግራችን በታች ስለሌሉ ግን፣ የከፍታው ስህተት ከአግድሙ ስህተት ይበልጣል። ገደል ሥር ሲገቡ ደግሞ ሰማዩ ይጠባል፣ ስህተቱም ይሰፋል። ባሮሜትር ያለው መሣሪያ በዚህ ጊዜ ሌላ ምስክር ይሆናል። የአየር ግፊትን ይለካል፤ ግፊቱም ወደ ላይ በወጡ ቁጥር እየቀነሰ ስለሚሄድ፣ ጥቂት ሜትር መውጣትና መውረድዎን ይለያል።

ባሮሜትር የአየሩ ጠባይ ሲለወጥም ይለወጣል። ደመና መጥቶ ግፊቱ ከወረደ፣ ተቀምጠው ሳሉ መሣሪያው ከፍ ያሉ ይመስለዋል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ከፍታው በካርታ የተጻፈ ቦታ ሲደርሱ እንደገና ማስተካከል። እኔ ጠዋት ከመነሳቴ በፊት አንዴ፣ የወንዝ መሻገሪያ ስደርስ ደግሞ አንዴ አስተካክላለሁ። ከዚያ በኋላ ካርታው ላይ ያለውን የከፍታ መስመር ከመሣሪያው ቁጥር ጋር አገናኝቶ «አሁን ከቁልቁለቱ ግማሽ ላይ ነኝ» ማለት ይቻላል። ቁልቁለት ላይ ይህን ያህል የሚያረጋጋ መረጃ አላውቅም።

የገደሉ ሌላው ችግር ማስተጋባት ነው። ድምፅ ከገደል ግድግዳ ነጥሮ እንደሚመለስ ሁሉ የሳተላይት ምልክትም ይነጥራል። መሣሪያው ቀጥታ የመጣውንና ነጥሮ የመጣውን ካልለየ፣ ቆመው ሳሉ ሃምሳ ሜትር የሄዱ ያስመስላል። አንዳንድ አዳዲስ መሣሪያዎች በሁለት ሞገድ፣ ኤል1 እና ኤል5 በሚባሉት ስለሚቀበሉ፣ ይህን መለየት ላይ የተሻሉ ናቸው። የአሜሪካውን ብቻ ሳይሆን የሩሲያውን ግሎናስ፣ የአውሮፓውን ጋሊልዮና የቻይናውን ቤይዱም መያዛቸው ጠባብ ሰማይ ላይ ብዙ ይረዳል። አገራችን ከምድር መግነጢሳዊ ወገብ አጠገብ በመሆኗ ደግሞ፣ በተለይ በመስከረምና በመጋቢት አካባቢ፣ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ የላይኛው አየር ይታወካል፤ ምልክቱም ይንቀጠቀጣል። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ይህን የሚያጠኑ ተመራማሪዎች አሉ። ለመንገደኛው ትርጉሙ፣ አስፈላጊ ነጥብ በቀን ይያዝ ማለት ነው።

ከሁሉ በላይ የምወደው ግን የመጣሁበትን መንገድ መዝግቦ የሚመልሰኝን ትራክ ነው። ጉና ላይ አንድ ቀን ጅብራዎቹን እያየን ስንወጣ ጉሙ በአንዴ ዋጠን። ጅብራ ሁሉ አንድ ይመስላል፣ ጓሳው የእግር ዱካ አይዝም፣ ድምፅ ከየት እንደሚመጣ አይታወቅም። ወደ መነሻችን የሚያመለክተውን ቀስት ብንከተል ኖሮ ያልወጣንበት ሸንተረር ላይ ይጥለን ነበር። የወጣንበትን መስመር ስክሪኑ ላይ አድርገን፣ ነጠብጣቧ ከመስመሩ ስትወጣ እየቆምን፣ እርምጃ በእርምጃ ተመለስን። ሲገዙ ይህን ይሞክሩ፦ ከሱቁ ደጃፍ ተነሥተው አንድ ሰፈር ዞረው፣ ትራኩን ተከትለው ይመለሱ። ቁልፎቹን ሳያዩ በአውራ ጣት ማዘዝ ካቃተዎ፣ ጓንት አድርገው በውርጭ ውስጥ ጨርሶ አይሆንልዎትም።

ስለ ባትሪ ብዙ አልልም፤ በእጅ የሚቀየር ድንጋይ የሚወስደውን እመርጣለሁ። ሁለት የሪሞት ድንጋይ ገጠር ባለ ሱቅ ውስጥም አይጠፋም፤ መብራት በሌለበት ቀበሌ ቻርጀር ምን ይሠራል? ርካሹ ድንጋይ ግን ብርድ ላይ ቶሎ ይደክማል። ጥሩ አልካላይን ወይም ሊቲየም ከከተማ ይዞ መውጣት፣ ማታም መሣሪያውን ብርድ ልብስ ውስጥ ይዞ ማደር ነው።

«ስልኬስ?» ይሉኝ ይሆናል። የስልክ ጂፒኤስ ያለ ኔትወርክ ይሠራል፤ ካርታውን አስቀድመው ካወረዱ ለአንድ ቀን ጉዞ ይበቃል። እኔም በሁለተኛነት እይዘዋለሁ። ዝናብ የነካው ስክሪን ግን ለጣት አይታዘዝም፣ ውርጭ ባትሪውን ይጨርሰዋል፣ ድንጋይ ላይ አንዴ ከወደቀ አለቀ። ከሁሉም በላይ ስልኩ ለክፉ ቀን መደወያ ስለሆነ ኃይሉን መቆጠብ ይሻላል።

በስም ልጥራቸው። ጋርሚን ኢትሬክስ 10 ርካሽና ጠንካራ ነው፤ በሁለት ድንጋይ 25 ሰዓት ያህል ይሄዳል፤ ዝርዝር ካርታም ባሮሜትርም ግን የለውም። ኢትሬክስ ኤስኢ በድንጋይ ቆጣቢነቱ ይበልጠዋል፤ እስከ 168 ሰዓት እንደሚሄድ ተመዝግቧል፤ ባሮሜትር ግን እሱም የለውም። ኢትሬክስ 32ኤክስ ባሮሜትርም፣ ኮምፓስም፣ ካርታም አለው። ጂፒኤስማፕ 65ኤስ በዚያ ላይ ሁለቱን ሞገድ ይጨምራል፤ ድንጋይ የሚበላው ግን በ16 ሰዓት ገደማ ነው። ጂፒኤስማፕ 67 ሁለቱን ሞገድና ረጅም ዕድሜ ያለው ባትሪ ይዟል፤ ባትሪው ግን በእጅ የሚቀየር ድንጋይ አይደለም። ለደጋው ብቻ ለሚሄድ ሰው ኢትሬክስ ኤስኢ ይበቃል። ወደ በሽሎ ወይም ወደ አባይ ለሚወርድ 32ኤክስን፣ አቅም ካለ 65ኤስን እመክራለሁ። ለ65ኤስ በቀን አንድ ጥንድ መለዋወጫ ድንጋይ ይያዝለት።

ስክሪኑ ላይ ያለው ካርታ ሙሉ ነው ብለው ግን አይመኑ። የጋይንቷ ቤተልሔም የድጓ ምስክር ቤት ናት፤ የቆሎ ተማሪ ከሩቅ አገር ያለ ካርታ፣ በእግሩ እየጠየቀ ሲደርስባት ኖሯል። ከክቡ የሣር ክዳን ውስጥ የተሰወረውን ጥንታዊውን ቤተ ክርስቲያኗን የታሪክ ጸሐፊው ቶማስ ፓከንሃም ለውጭው ዓለም ያስተዋወቀው እ.ኤ.አ. በ1955 ካየው በኋላ ነው። ከእስቴ ማዶ ወደ ሞጣ የሚያሻግረው ሰባራ ድልድይ ደግሞ በጣሊያን ወረራ ዘመን ከተሰበረ በኋላ፣ ካርታ ላይ ድልድይ ተብሎ ሳለ ሰው በገመድ እየተሳበ የሚሻገርበት ረጅም ዘመን ነበር። መሻገሪያን ከካርታ ሳይሆን ከሰው ይጠይቁ፤ ከጠየቁ በኋላ ነጥቡን ራስዎ ይያዙ።

አንድ ነገር ደግሞ በጥብቅ ላሳስብ። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል ግጭት አለ። ሰላሙን ሳያረጋግጡ አይነሡ። ሲነሡም ለቀበሌው አሳውቀው፣ የአገሩን ልጅ መሪ አድርገው ይሂዱ። አንቴና ያለው ዕቃ ይዞ አፋፍ ላይ መቆም በክፉ ሊተረጎም ይችላል፤ ምን እንደሆነ አስቀድሞ ማስረዳት ነው። በሳተላይት መልእክት የሚልክ መሣሪያ ከውጭ የሚያስመጡ ከሆነም፣ ፈቃዱን ከጉምሩክ በፊት ይጨርሱ።

ያን ቀን በሽሎ አፋፍ ላይ ዳተሙን አስተካክዬ ወደ ወይራዋ ሄድኩ። ከሥሯ ቆሜ ነጥብ ያዝኩና «ወይራ መውረጃ» ብዬ ጻፍኩበት። አዛውንቱ ተከትለውኝ መጥተው ስክሪኑን ጎንበስ ብለው አዩ።

«ወንዙ ስንት ይርቃል ይላል?»

«ቁልቁለቱ አንድ ሺህ ሜትር ያህል ነው፣ አባቴ።»

«እንግዲያ ዛሬ ወርደህ እደር» አሉኝ። «ነገ ስትወጣ ወፍ ሳይንጫጫ ጀምር።»