ጥሩንባው ቤት ይቅር

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ልጄ ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ በተከላካይነት ይጫወታል። እኔ አዲስ አበባ ስታዲየም፣ ካታንጋ በሚባለው የደጋፊዎች መቀመጫ ተቀምጬ ኳስ ያየሁ ሰው ነኝ፤ ዝምታ አይሆንልኝም። እዚህ አገር ግን በብዙ ክፍለ ግዛቶች የትምህርት ቤት ስፖርት የሚመሩ ማኅበራት ጥሩንባ፣ ቩቩዜላና ቃጭል ይከለክላሉ። አዳራሽ ውስጥ ከልክለው ሜዳ ላይ የሚፈቅዱም አሉ።

አንዱ ምክንያት ከዳኛው ፊሽካ ጋር መምታታቱ ነው። ከደጋፊ የተነፋ ፊሽካ ተከላካዩን ያስቆመዋል፤ አጥቂው ሮጦ ያገባል። በረኛው «ልቀቅ!» ሲልም መሰማት አለበት።

ጆሮም አለ። የአሜሪካው የሥራ ጤና ተቋም ኒዮሽ ለ8 ሰዓት የሚመክረው የድምፅ ጣሪያ 85 ዴሲቤል ነው። 100 ዴሲቤል ላይ የሚፈቀደው 15 ደቂቃ ብቻ ሲሆን፣ ቩቩዜላ በቅርብ ሲነፋ ከዚያም ያልፋል። የልጆቹ ጨዋታ ደግሞ 80 ደቂቃ ነው! እ.ኤ.አ. ከ2010 የደቡብ አፍሪካ የዓለም ዋንጫ በኋላ የአውሮፓ እግር ኳስ ማኅበር ቩቩዜላን ከውድድሮቹ ያገደው ደግሞ የደጋፊው ዝማሬ እንዳይዋጥ ብሎ ነው። ልክ ብሏል፤ ቩቩዜላ አንድ ድምፅ ብቻ ነው የሚያውቀው።

ደንቡ ሲጣስ ዳኛው ብዙውን ጊዜ ከደጋፊ ጋር አይጨቃጨቅም። ለአስተናጋጁ ትምህርት ቤት ኃላፊ ይነግረዋል፤ ኃላፊው መጥቶ «ያቁሙት» ይላል፣ እምቢ ያለ ይወጣል። ልጁ እያየ።

ስለዚህ ወላጆች፣ ከበሮም ቢሆን ከመያዛችሁ በፊት ትምህርት ቤቱን ጠይቁ። እልልታና ጭብጨባ መሣሪያ አይደሉምና እነሱን አታስቀሩ።