የጥቢ መረብና የጣና ዓሣ፦ ከክረምት በኋላ የሚገኝ ምርት ስለ ሐይቁ ምን ይነግረናል?

መግቢያ

ክረምቱ አልፎ ጥቢ ሲገባ፣ ወንዞች ወደ ጣና ሐይቅ በሚገቡባቸው ስፍራዎች የሚዘረጉ መረቦች በዓሣ ከብደው ይወጣሉ። ይህ ምርት ለአስጋሪው የዕለት እንጀራ ነው፤ ለሩቅ ተመልካችም የሐይቁ በረከት ምልክት ሆኖ ይታያል። ለተመራማሪው ግን ሁለት የተለያዩ ትርጉሞች ሊኖሩት ይችላል። ሐይቁ በዓሣ የተሞላ መሆኑን ያመለክት ይሆናል፤ አለዚያም በሐይቁ የቀሩት ዓሦች በአንድ ስፍራ መሰብሰባቸውን ብቻ ያሳያል። ይህ አጭር ጽሑፍ በመፀው ወራት የሐይቁና የገባር ወንዞቹ ሁኔታ ዓሣ ለማስገር ለምን እንደሚያመች ያስረዳል፤ ቀጥሎም በዚሁ ወቅት የሚሰበሰብ መረጃ ለምን በጥንቃቄ መነበብ እንዳለበትና ይህ ለዓሣ ሀብት አስተዳደር ምን ትርጉም እንዳለው ያብራራል።

የሐይቁ ጠባይ

ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የሚገኝና ወደ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሸፍን ሐይቅ ነው። ስፋቱ ይህን ያህል ቢሆንም ጥልቀቱ አነስተኛ ነው፤ በአማካይ 8 ሜትር ሲሆን፣ ጥልቅ በሆነው ስፍራም 14 ሜትር ያህል ነው። ከዚህም የተነሣ ነፋስ ውኃውን ከላይ እስከ ታች በቀላሉ ያደባልቀዋል። አብዛኛውን ውኃ የሚያስገቡለት ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ናቸው፤ በተፈጥሮ ከሐይቁ የሚወጣው ወንዝ ግን ዓባይ ብቻ ነው። ዓባይ ከሐይቁ ወጥቶ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ በጢስ ዓባይ ፏፏቴ 40 ሜትር ገደማ ቁልቁል ይወርዳል። ይህ ፏፏቴ ከታች ያለው ዓሣ ወደ ሐይቁ እንዳይወጣ ስለሚከለክል፣ የጣና ዓሦች ከቀረው የዓባይ ተፋሰስ ተለይተው ኖረዋል።

የዚህ መለየት ዋነኛ ፍሬ በአካባቢው ነጭ ዓሣ የሚባለው፣ በሳይንሳዊ ስሙ ላቤዮባርበስ የተሰኘው ወገን ነው። ሌኦ ናገልከርከና ፈርዲናንድ ሲቢንግ በ2000 እ.ኤ.አ. ባወጡት ሥራ የዚህ ወገን 15 የጣና ዝርያዎች ተለይተው ታውቀዋል። ከእነዚህ ውስጥ ስምንቱ ሌሎች ዓሦችን የሚመገቡ ናቸው። በፊሊፒንስ የላናኦ ሐይቅ ይኖር የነበረው ተመሳሳይ የዝርያዎች ስብስብ ከጠፋ ወዲህ፣ በአንድ ሐይቅ ውስጥ እንዲህ ተበራክቶ የሚገኝ የዚህ ቤተሰብ ስብስብ የጣናው ብቻ እንደ ቀረ ይታመናል። ከነጭ ዓሣ ሌላ ለገበያ የሚቀርቡት ዋና ዋናዎቹ ቆረሶና አምባዛ ናቸው።

ከዝናሙ በኋላ ውኃው እንዴት ይለወጣል?

የሐይቁ ውኃ ዝቅተኛ መጠኑ ላይ የሚደርሰው ክረምቱ ሊገባ ሲል ነው፤ ከፍተኛ መጠኑ ላይ የሚደርሰው ደግሞ በመስከረምና በጥቅምት ነው። በዚህ ጊዜ የፎገራና የደምቢያ ሜዳዎች ሰፊ ክፍል በውኃ ተሸፍኖ ይቆያል። አምባዛ ለመራባት ወደ እነዚህ ሜዳዎች ይገባል፤ ውኃው ሲሸሽም በቦዮችና በኩሬዎች ውስጥ ሲመለስ በቀላሉ ይያዛል።

ሁለተኛው ለውጥ የውኃው ድፍርስነት ነው። በክረምት ወንዞቹ ከታረሱ ተዳፋት መሬቶች የጠረጉትን ደለል ይዘው ስለሚገቡ፣ በተለይ በወንዝ አፎች አካባቢ ብርሃን ወደ ውስጥ ብዙ አይዘልቅም። በድፍርስ ውኃ ውስጥ ዓሣው መረቡን አይቶ ሊሸሸው አይችልም። ዝናሙ ሲያቆም ደለሉ ቀስ በቀስ ይዘቅጣል፤ ከወንዞች የገባው ንጥረ ነገርና የጨመረው ብርሃን ሲገናኙም ደቃቅ የውኃ ዕፅዋት በብዛት ይራባሉ። በጣና የዚህ ምርት ከፍተኛ ወቅት ጥቅምትና ኅዳር ገደማ መሆኑ በጥናት ተረጋግጧል። ስለዚህ መፀው በሐይቁ ውስጥ ምግብ የሚበዛበት ጊዜ ጭምር ነው።

የመራባት ጉዞ

ለአስጋሪው ከሁሉ የሚበልጠው ለውጥ ግን የዓሦቹ ጉዞ ነው። ከነጭ ዓሣ ዝርያዎች ቢያንስ ሰባቱ እንቁላላቸውን የሚጥሉት በሐይቁ ውስጥ ሳይሆን በገባር ወንዞች ነው። ለአካለ መጠን የደረሱት ዓሦች ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ በወንዝ አፎች ይሰበሰባሉ፤ ከዚያም ዋናውን ወንዝ ሽቅብ ተከትለው ጠጠራማ ወለል ወዳላቸው ትናንሽ መጋቢ ጅረቶች ይዘልቃሉ። እንቁላሉ በጠጠር መካከል ሆኖ እንዲፈለፈል ንጹሕና ኦክሲጅን ያልጎደለው የሚፈስ ውኃ ያስፈልገዋል፤ ደለል የሸፈነው እንቁላል ይታፈናል። ዝርያዎቹ ጉዞውን በአንድ ቀን አይጀምሩም። አንዱ ቀድሞ፣ ሌላው ዘግይቶ ስለሚወጣ አንዱን ወንዝ በየተራ ይጠቀሙበታል። ከእንቁላሉ የወጡት ጫጩቶች በጅረቶቹ ኩሬዎች ጥቂት አድገው ወደ ሐይቁ ይወርዳሉ።

እንግዲህ የዓመቱ ምርጥ የማስገሪያ ሁኔታና የሚቀጥሉት ዓመታት ዓሣ የሚፈጠርበት ሁኔታ አንድና ያው ነው። በቀረው ጊዜ በሰፊው ሐይቅ ተበትኖ የሚኖረው ዓሣ ለጥቂት ሳምንታት በጥቂት ጠባብ በሮች ያልፋል። መንገዱና ጊዜው ስለሚታወቅ አንዱ መረብ የብዙ መረቦችን ሥራ ይሠራል። በወንዞቹ ውስጥም አንዳንዶች የብርብራ ፍሬ ዱቄት በውኃው ላይ በመነስነስ ዓሣውን ያፈዝዛሉ። ይህ ዘዴ ትልቁን ከትንሹ፣ እንቁላል የጣለውን ካልጣለው አይለይም።

የሞላ መረብ እንዴት ያሳስታል?

የዓሣ ሀብትን መጠን ለመገመት ከሚያገለግሉ መለኪያዎች የተለመደው አንድ መረብ በአንድ ሌሊት የሚይዘው የዓሣ ብዛት ነው። መለኪያው የሚመሠረተው ዓሣው በውኃው ውስጥ ተሰራጭቶ ይገኛል በሚል ግምት ላይ ነው። ዓሣው በግማሽ ቢቀንስ መረቡም የሚይዘው በግማሽ ይቀንሳል ተብሎ ይጠበቃል። በወንዝ አፍ ግን ይህ ግምት ይፈርሳል።

ለማስረጃ ያህል የሚከተለውን ምናባዊ ሁኔታ እንውሰድ። በአንድ የሐይቅ ክፍል 10,000 ለመራባት የደረሱ ዓሦች አሉ እንበል፤ በበጋ አንድ መረብ በሌሊት 20 ዓሣ ይይዛል። ዓሦቹ ወደ 5,000 ቢወርዱ የበጋው መረብ 10 ብቻ ይይዛል። በጥቢ ግን ዓሦቹ በወንዙ አፍ በሚሰበሰቡበት ጊዜ መረቡ ሊይዝ የሚችለውን ያህል፣ ለምሳሌ 60፣ ይዞ ይሞላል። ዓሦቹ 10,000 ቢሆኑም 5,000 ቢሆኑም የሚሞላው መረብ ያው ነው። ልዩነቱ የሚታየው መረቡ ሞልቶ በሚወጣባቸው ሌሊቶች ቁጥር ነው፤ ቀድሞ ስድስት ሳምንት ይቆይ የነበረው ስብስብ ወደ ሦስት ሳምንት ያጥራል። በየሌሊቱ የተያዘውን ብቻ የመዘገበ ተመራማሪ ለውጥ የለም ብሎ ይደመድማል።

ይህ ስጋት ከምናብ የመነጨ ብቻ አይደለም። በጣና ከደንገል በሚሠራ ታንኳ ይከናወን በነበረው ዓሣ የማስገር ሥራ ላይ በ1986 እ.ኤ.አ. የሞተር ጀልባና የናይሎን መረብ ተጨመረ። ማርቲን ደ ግራፍና ባልደረቦቹ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መግቢያና መጨረሻ የተሰበሰቡ መረጃዎችን አነጻጽረው፣ በሐይቁ ደቡባዊ ክፍል የነጭ ዓሣ መጠን ወደ ሦስት አራተኛ በሚጠጋ መቀነሱን አመልክተዋል። ዋነኛ ምክንያት ሆኖ የቀረበውም ለመራባት የተሰበሰበውን ዓሣ ማስገር ነው። ጫናው በነጭ ዓሣ ላይ የበረታው ያለ ምክንያት አይደለም። ቆረሶ በዳርቻው ጥልቀት በሌለው ውኃ ይራባል፤ እንቁላሉንና ጫጩቱን በአፉ ይዞ ስለሚጠብቅም ጉዳቱን ፈጥኖ ይተካል። ነጭ ዓሣ ግን ለአካለ መጠን የሚደርሰው ዘግይቶ ነው፤ ጉዞውም ከተቋረጠ የዓመቱ ዘር አብሮ ይቀራል።

ለምርምርና ለአስተዳደር የሚሰጠው ትርጉም

ከዚህ የሚነሡ የምርምር ጥንቃቄዎች ሦስት ናቸው። አንደኛ፣ በወንዝ አፍና በሰፊው ሐይቅ የተሰበሰበ መረጃ በአንድ አማካይ መደባለቅ የለበትም። ሁለተኛ፣ በጥቢ የሚመዘገበው የሌሊቱ ምርት ብቻ ሳይሆን ስብስቡ የጀመረበትና ያበቃበት ቀንም ሊሆን ይገባል። ሦስተኛ፣ ነጭ ዓሣ በሚል አንድ ስም የተመዘገበ ምርት የዝርያዎቹን የተናጠል መቀነስ ስለሚሸፍን፣ ቢያንስ በተወሰኑ ቀናት ምርቱ በዝርያ ተለይቶ መቆጠር አለበት።

የአስተዳደሩ ትርጉም ደግሞ ይበልጥ ግልጽ ነው። የዓሣ ሀብትን የሚመለከተው የፌዴራል አዋጅ ቁጥር 315/1995 ከወጣ ከሁለት ዐሥርት ዓመታት በላይ ሆኖታል። ሆኖም ሰፊውን ሐይቅ ዓመቱን ሙሉ መቈጣጠር ከባድ ነው፤ ጥቂት የወንዝ አፎችን ለጥቂት ሳምንታት መጠበቅ ግን ከአቅም በላይ አይደለም። የገበያውም አቈጣጠር ይህን ያግዛል። የዓሣ ፍላጎት የሚያይለው በጾም ወራት፣ በተለይም በዐቢይ ጾም ነው። ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ግን፣ ከረቡዕና ከዓርብ በቀር፣ ከሰባቱ የአዋጅ አጽዋማት የሚውለው ጾመ ፍልሰታ ብቻ ነው። ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ሲገባ ዓሣው እንቁላሉን ጥሎ ወደ ሐይቁ ተመልሷል። ስለዚህ በወንዝ አፎች ላይ የሚጣል አጭር ክልከላ አስጋሪውን የሚነካው ገበያው በሚቀዘቅዝበት ጊዜ ነው። ይህም ቢሆን፣ ከወንዝ አፍ ሌላ መተዳደሪያ የሌለው ባለ ታንኳ ለእነዚያ ሳምንታት ምን ይበላል የሚለው ጥያቄ ከክልከላው በፊት መመለስ አለበት።

መረብን መከልከል ብቻውን ግን በቂ አይሆንም። ከወንዝ ወለል አሸዋና ጠጠር ሲዛቅ እንቁላል የሚያርፍበት ስፍራ ይጠፋል፤ ጅረት በሞተር ተስቦ ሲደርቅ ጫጩቶቹ በኩሬ ውስጥ ይቀራሉ፤ እንደ ርብ ባሉ ወንዞች ላይ የሚሠራ ግድብም ሽቅብ የሚወጣውን ዓሣ መንገድ ይዘጋል። በ2011 እ.ኤ.አ. በሐይቁ መታየቱ የተረጋገጠው እምቦጭ ደግሞ በተለይ በሰሜን ምሥራቁ ዳርቻ የወንዝ አፎችንና የቆረሶን መራቢያ ሸፍኗል።

መደምደሚያ

በመፀው ዓሣ በጣና የሚበዛ መስሎ የሚታየው በአመዛኙ ስለሚሰበሰብ ነው። የሞላ መረብ የስብስቡ ምልክት እንጂ የብዛት ማስረጃ አይደለም። ሐይቁ ምን ያህል ዓሣ እንዳለው የሚነግረን መረቡ ሞልቶ መውጣቱ ሳይሆን ለስንት ሌሊት ሞልቶ እንደሚወጣ፣ በቀጣዩ ዓመትም በዚያው ቀን፣ በዚያው ወንዝ አፍ፣ ያው ዝርያ መመለሱ ነው። ይህን መመዝገብ ውድ መሣሪያ አይጠይቅም፤ በየዓመቱ ሳይቋረጥ በወንዙ ዳር መገኘትን ይጠይቃል።